አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን በሽተኛ ማን ይመርጠዋል?

ከሃያ ሁለት ተነስቶ በቦሌ መድኃኔዓለም በኩል ወደ ገርጂና ሲኤምሲ የሚያልፍ ሰው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒኮች ማስታወቂያ አይጠፋበትም። የሚያነበውም ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው እምብዛም አይለያይም፤ የጀርባ ሕመም፣ የአንገት ሕመም፣ የዲስክ መንሸራተት፣ የጉልበት ችግር፣ የስፖርት ጉዳት። ሕመሞቹ እውነተኛ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል የባንክ ሠራተኛ አንገቱን ያመዋል፤ ሚኒባስ ሲነዳ የሚያመሽ ሾፌር ወገቡን ይይዘዋል። መታከም አለባቸው። የሚያሳስበኝ የእነዚህ ሰሌዳዎች ዝርዝር የድህረ ምረቃ ተማሪው ምን ላይ ልካን የሚለውን ጥያቄ ጭምር እየመለሰለት መሆኑ ነው። «ተመራጭ ኮርስ የተማሪው ምርጫ ነው፤ የወደደውን ይውሰድ» የሚለው አባባል በሙያው ሰዎች ዘንድ ክርክር አያስነሳም። እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ።

ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ የፊዚካል ቴራፒ ዶክትሬት ተማሪ ሦስት ዓመት ያህል ሲማር የነርቭ፣ የሕፃናት፣ የልብና የሳንባ፣ የአጥንትና የጡንቻ ሕክምናን በግዴታ ይወስዳል። ተመራጩ ኮርስ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጨመር መቅመሻ ነው። በመቅመሻው ደግሞ ማንም ስፔሻሊስት አይባልም። ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሰጠው የስፔሻሊቲ ፈተና ለመቀመጥ በዘርፉ 2,000 ሰዓት በሽተኛ ማከም ወይም የሬዚደንሲ ሥልጠና መጨረስ ያስፈልጋል። ምርጫው ነፃ የሆነው መሠረቱ ስለተጣለና የስሙ አጠቃቀም ስለሚጠበቅ ነው። እኛ ዘንድ የነፃነቱ ወሬ ደርሶ ጥበቃው ወደ ኋላ ቀርቷል። የሁለት ሳምንት የማኑዋል ቴራፒ ወይም የደረቅ መርፌ ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ሰሌዳው ላይ «ስፔሻሊስት» ብሎ ቢጽፍ፣ በሽተኛው በምን ያውቃል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚካል ቴራፒ ዶክትሬት ሲያስተምር የቨርጂኒያው ጃክሰን ክሊኒክስ ፋውንዴሽን በጎ ፈቃደኛ መምህራንን ከአሜሪካ እያመላለሰ አግዟል። ትልቅ ውለታ ነው፤ በዚህ አገር ይህን ያህል የተደገፈ ሙያ ብዙ የለም። ነገር ግን እንግዳ መምህር የሚያስተምረው የሚያውቀውን ነው። በመኪና መጥቶ፣ በአሳንሰር ወጥቶ፣ በራሱ እግር ገብቶ የሚታከም በሽተኛ የለመደ ሰው የእኛን ሰፈር በሽተኛ ሊያውቅልን አይችልም። ያንን ማወቅ የእኛ ሥራ ነበር።

የእኛ ሰፈር በሽተኛ ያለው ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ነው። ምድር ቤትና በላዩ አራት ፎቅ ባለው ኮንዶሚኒየም፣ አሳንሰር በሌለበት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ። የስድሳ ዓመት አባት ስትሮክ ግራ ጎኑን ሲመታው ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝቶ ይወጣል። ልጆቹ በወንበር ተሸክመው ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ደረጃው እስር ቤቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ይምጣ ተብሏል፤ የሚሸከሙት ሁለት ጎረምሶችና የኮንትራት ታክሲ ገንዘብ በሳምንት ሦስት ቀን ከየት ይገኛል? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይቀራል። ሰውነቱ ይበልጥ ሊመለስ የሚችልባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት አልጋ ላይ ያልቃሉ።

ቤት ውስጥ የሚደርሰውን ጉዳት ያየ ሰው ይህ ዘርፍ ምን ያህል እውቀት እንደሚጠይቅ አይጠፋውም። ሚስት ባሏን ከአልጋ ልታነሳ ሽባ የሆነውን እጁን ይዛ ትስበዋለች። ጡንቻ ያልያዘው ትከሻ ከመጋጠሚያው ወረድ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊት የሚያስጮኸው ሕመም ስትሮኩ ብቻ ያመጣው አይደለም። እንዴት እንደምትይዘው፣ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደምታገላብጠው፣ እግሩን እንዴት መሬት እንደምታስረግጠው ያሳያት ሰው የለም። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር እንደሚቀድም፣ ሲወርድ የደከመው እንደሚቀድም የሚያስተምር ባለሙያ እዚያው ደረጃው ላይ ሊቆም ይገባው ነበር። ባለሙያው ስለማይመጣ ቤተሰቡ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው ሲጠሩት ይመጣል፣ ያሻል፣ ያጽናናል። ሰዎች ወደ ወጌሻ ለምን ይሄዳሉ እያልን የምናማርር ሁሉ፣ ወጌሻው የወጣውን ደረጃ ማን እንዲወጣ እንዳሠለጠንን እንመልስ።

ይህን ቤት ለቤት የሚደረግ ሕክምና «ቀላል ሥራ» አድርጎ ማየት ልማድ ሆኗል። የተጠናከረ የአከርካሪ ምርመራ ኮርስ ክብር አለው፤ ሽባ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገር የረዳት ሥራ ይመስላል። ሁለቱንም በቅርብ ያየ ግን የቱ ይበልጥ እንደሚከብድ አይጠፋውም።

ስትሮክ ብቻውንም አይደለም። ሲወለድ አንጎሉ ተጎድቶ አንገቱን መሸከም ያቃተው ሕፃን አለ፤ እናቱ ጀርባዋ ላይ አዝላ ከአንዱ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው ትዞራለች። የፈላ ወጥ ተደፍቶበት ክንዱ የተቃጠለ ልጅ አለ፤ ቁስሉ ሲድን ቆዳው ተኮማትሮ ክርኑ እንዳይዘረጋ የሚከላከልለት የቀን ተቀን ማፍታታት ያስፈልገዋል። ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣት፣ ለማንም የማትናገር ሴት አለች። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 እዚህ ከተማ ከመጡ ጀምሮ የፊስቱላ ሕክምናችን በዓለም የታወቀ ሆኗል፤ በተራዘመ ምጥ ነርቭ ተጎድቶ እግራቸው የሚንጠለጠል ሴቶች እንዳሉም ከያኔ ጀምሮ ይታወቃል። የሴቶች ጤና ፊዚዮቴራፒ ከኢትዮጵያ ሊወጣ የሚገባው እውቀት ነበር።

«ተማሪውስ ምን ይብላ?» የሚል መልስ ይመጣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ደመወዝ የቦሌን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የሚከፍለው የጀርባ ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ተማሪውን አልወቅስም። ግን ምርጫው በኪስ የተወሰነ ከሆነ ነፃ ምርጫ ብለን አንጥራው። ስለ ስፖርትም እንዲሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን መታከም ነበረበት፤ የሯጮች አገር የስፖርት ፊዚዮቴራፒስት ይፈልጋል። ጥቂት በደንብ የሠለጠኑ ይበቃሉ፤ ትውልዱን ሁሉ ወደዚያ መንዳት ግን ልክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት 2.4 ቢሊዮን ሰው የተሐድሶ ሕክምና ሊጠቅመው እንደሚችል ይናገራል፤ በአንዳንድ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮችም ለአንድ ሚሊዮን ሰው ከ10 ያነሱ የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዳሉ ይገልጻል። ባለሙያ በዚህ ልክ ሲያንስ፣ አንዱ ተመራቂ ወዴት እንደሚሄድ የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። የነርቭ ተሐድሶ፣ የሕፃናት፣ የሴቶች ጤናና የቤት ለቤት ሕክምና ከተመራጭ ዝርዝር ይውጡና ግዴታ ይሁኑ፤ የተራቀቀ ማኑዋል ቴራፒና ስፖርት በተመራጭነት ይቆዩ። ልምምዱም ከሆስፒታል ግቢ ይውጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶን ከትምህርቱ ጋር አያይዞ ሠርቷል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም ከፍቷል። አዲስ አበባ ውስጥ አያት አካባቢ የመቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ ኮንዶሚኒየሞቹ። የድህረ ምረቃ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እዚያ ይመደብ፣ የተቆጠሩ ቤተሰቦችን ይያዝ፣ ሲመረቅም በሽተኛው ስንት ደረጃ መውረድ እንደቻለ ይጠየቅ። «ስፔሻሊስት» የሚለውን ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ የሚችለውም የተመዘገበ የሕክምና ሰዓትና ፈተና ያለው ብቻ ይሁን፤ ይህን መቆጣጠር የጤና ሚኒስቴር ሥራ ነው፣ ሰሌዳዎቹም ከመንገድ ላይ ይታያሉ።