የዐረፋ በጎች የሚያቋርጡት ድንበር

የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ከሶማሌ ክልል የተነሱ ጥቁር ራስ በጎችና ፍየሎች በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ፣ ከዚያም በርበራ ወደብ ይደርሳሉ። በኳራንቲን ቆይተው በመርከብ ወደ ሳዑዲ ይሻገራሉ፤ ለሀድይና ለኡድሒያም ይታረዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን የሶማሌላንድ በጎች ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ስማቸው «ኮንትሮባንድ» ነው።

ስለ ቀጠናዊ የኢኮኖሚ ትስስር በተወራ ቁጥር እነዚህ በጎች ትዝ ይሉናል። ስብሰባና ፊርማ አልጎደለንም። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ናት፤ እ.ኤ.አ በ2000 ጅቡቲ፣ ኬንያና ሱዳን የድርጅቱን ነጻ የንግድ ቀጠና ሲጀምሩ ግን ውጭ ቀረች። ሶማሊያም እ.ኤ.አ በ2024 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሙሉ አባል ሆናለች፤ እኛ እዚያም የለንም።

ገበያው ፊርማ አልጠበቀም። ከደገሐቡር ለሚነሳ አርብቶ አደር በርበራ ከጅቡቲ ይቀርባል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ነጋዴም ዘመዱ ነው፣ በአደራና በዱቤ ይገበያያሉ። የበጉ ዋጋ ሩዝ፣ ፓስታና ልብስ ሆኖ ወደ ጅግጅጋ ይመለሳል። መንግሥት «የውጭ ምንዛሪ አጣሁ» ማለቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ኬላ ላይ የሚወረሰው የጭነት መኪና ምንዛሪውን ወደ ባንክ አላመጣውም፤ ያደረገው ነጋዴውን ለሌሊት ጉዞና ለጉቦ መዳረግ ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን የእንስሳቱ ጤና ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከቀንዱ ሀገራት የሚገባውን የቁም እንስሳ አገደች። እገዳው እስከ 2009 ዘለቀ። በሽታው የተሰማው የመን ድንበር አካባቢ ቢሆንም፣ የከሰረው በዚህም በዚያም ያለው አርብቶ አደር ነበር። በድብቅ የሚሻገር በግ ደግሞ መነሻው ላይ ስለ መከተቡ የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ሌላ ወረርሽኝ ቢነሳ ምንጩን ማን ይከተላል?

በጥር 2024 (እ.ኤ.አ) አዲስ አበባና ሐርጌሳ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥም ከሞቃዲሾ ጋር አንካራ ላይ ዕርቅ ሲወርድ፣ የሁላችንም ወሬ የባሕር በር ነበር። በጎቹን ያነሳ ብዙ አልነበረም። በእኛ እይታ መጀመር የሚገባው ከዚህ ነው፦ ሁለቱ ወገኖች በጋራ የሚቀበሉት የክትባትና የጤና የምስክር ወረቀት፣ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚመች ፈቃድ፣ በቶጎ ውጫሌ የሚሠራ ባንክ። አስቸጋሪው ወረቀቱ ላይ የማን ማኅተም ይረፍ የሚለው ነው፤ የሐርጌሳን ማኅተም ሞቃዲሾ አትቀበለውም፣ የሞቃዲሾን ደግሞ በርበራ ላይ የሚያይለት የለም።