“ትንሽ ዕዳ አስቀርበት” ያላችሁ ማነው?

አሜሪካ የገባ አበሻ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሚለገሰው ምክር ሁሉ ውዱ ይሄኛው ነው፦ “ክሬዲት እንዲሠራልህ ካርዱን ሙሉውን እንዳትከፍል፤ ትንሽ አስቀርበት።” ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ይባላል። አሌክሳንድሪያ ክርስትና ላይ ይባላል። ኤርፖርት ተሳፋሪ በሚጠበቅበት የታክሲ ሰልፍ ውስጥም ይባላል። መካሪው ሁሌም ቀድሞ የመጣ ሰው ነው፤ ቀድሞ የመጣ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። እስቲ ዛሬ እንጠይቀው።

ክሬዲት ስኮር በዋናነት የሚያየው ሁለት ነገር ነው። በጊዜው ትከፍላላችሁ ወይ? ከሊሚታችሁ ስንቱን ተጠቅማችኋል? በፋይኮ ስሌት የመጀመሪያው 35፣ ሁለተኛው 30 በመቶ ይይዛል። ወለድ ስለከፈላችሁ የሚጨመርላችሁ ነጥብ ግን የለም። ባንኩ ለክሬዲት ቢሮዎች የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ ሲዘጋ ያለውን ቁጥር ነው። ያንን በቀነ ገደቡ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ብትከፍሉ ካርዱን ተጠቅማችኋል፣ ከፍላችኋል፣ ስኮሩም ይሠራል። “ትንሽ” ያስቀራችሁት ለባንኩ ነው።

ነገሩ የተሳሳተ ምክር ብቻ ቢሆን ስቀንበት እናልፍ ነበር። ጉዳቱ ያለው የዕለት ወጪ ላይ ነው። ሙሉውን ለሚከፍል ሰው ስቴትመንቱ ከተላከለት በኋላ ቢያንስ የ21 ቀን ፋታ ይሰጠዋል፤ በዚያ ፋታ የገዛው ነገር ወለድ የለውም። ዕዳ ያሳደረ ሰው ግን በአብዛኛው ካርድ ላይ ይህን ፋታ ያጣል። ዛሬ ጠዋት በካርድ የጠጣው ማኪያቶ ከዛሬ ጀምሮ ይወልድበታል። ቤንዚኑም ይወልዳል፣ እንጀራውም ይወልዳል፣ የልጁ ዳይፐርም ይወልዳል። “ምን ገዝቼ ነው እዚህ የደረስኩት?” ብሎ ስቴትመንቱን ከላይ እስከ ታች የሚፈትሽ ሰው ትልቅ ነገር የማያገኘው ለዚህ ነው። ትልቅ ነገር አልገዛማ!

ቁጥር እንጥራ። 3,000 ዶላር ዕዳ፣ በዓመት 24 በመቶ። (የማይመስል ወለድ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አማካዩ ራሱ 20 በመቶን አልፏል።) በወር 60 ዶላር፣ በቀን 2 ዶላር ገደማ። ዝቅተኛው ክፍያ የዕዳው 1 በመቶና የወሩ ወለድ ሆኖ ከ35 ዶላር የማያንስ ከሆነ፣ እሱን ብቻ እየከፈለ የሚሄድ ሰው ካርዱን ዳግመኛ ባይነካው እንኳ የሚጨርሰው ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ ወለዱ ብቻ ከ4,000 ዶላር ይበልጣል። በየወሩ 150 ዶላር ቢከፍል ግን በ26 ወር ይገላገላል፣ ወለዱም 900 አይሞላም። ይህን ስሌት ከእኔ መስማት አይጠበቅባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ ባንኮቹ ይህንኑ በየስቴትመንቱ ላይ በሳጥን አድርገው እንዲጽፉ ያስገድዳል። ማን ያነበዋል? ሁሉም ዓይኑ የሚሮጠው “ሚኒመም” የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

“እኔ እኮ ካሽባክ አገኛለሁ” የሚለውም ወገን አለ። በወር 1,000 ዶላር አውጥቶ በ2 በመቶ 20 ዶላር ይመለስለታል፤ በዚያው ካርድ ላይ ላሳደረው 3,000 ዶላር ደግሞ 60 ይከፍላል። 60 ሰጥቶ 20 ተቀብሎ የሚፎክር ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ስንት ቀን ይቆይ ይሆን? በዚያ ላይ ካርዱ እጅን ያላላል። የኤምአይቲዎቹ ድራዘን ፕሬሌክና ዳንከን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ለቅርጫት ኳስ ትኬት በክሬዲት ካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት ተማሪዎች በካሽ ትከፍላላችሁ ከተባሉት እጥፍ ገደማ ዋጋ አቅርበዋል። ትኬቱ ያው ትኬት ነው።

“መንግሥት ወለዱን ለምን አይገድበውም?” ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባንክ ባለበት ስቴት ሕግ ወለድ ማስከፈል ይችላል ብሎ ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታና ደላዌር ቶሎ ብለው ገደባቸውን አነሡ፣ ባንኮቹም የካርድ ሥራቸውን ጠቅልለው ወደዚያ ሄዱ። እናንተ ሜሪላንድ ኖራችሁ ወለዳችሁ የሚወሰነው በደላዌር ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ኒውዮርክ ስትሄዱ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በምታቋርጧት ደላዌር!

እና ምን ይደረግ? አውቶፔዩን ከ“ሚኒመም” አንሥታችሁ “ስቴትመንት ባላንስ” ላይ አድርጉት። ዕዳ ያደረበትን ካርድ ደግሞ ለዕለት ወጪ አትንኩት፤ ቤንዚንና አስቤዛ ዕዳው ዜሮ እስኪገባና ፋታው እስኪመለስ ድረስ በዴቢት ወይም በካሽ ይሁን። በሁለት ካርድ ዕዳ ያለበት ተጨማሪ ገንዘቡን ወለዱ ከፍ ያለው ላይ ያሳርፍ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዕቁብ ነው። ያው 24 በመቶ የሚከፍለው ሰው በወር 500 ዶላር ዕቁብ ሳያዛንፍ ይጥላል። ሰብሳቢውን ያፍራል፣ ዳኛውን ያከብራል። ዕቁቡ ወለድ የለውም፣ ካርዱ አለው። ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ሀገር ቤት ለታመመ ወላጅ “ዕጣውን ቀድማችሁ ስጡኝ” ብሎ የሚለምን ሞልቷል፤ ማኅበርተኛውም አይጨክንም። “ካርድ ልዝጋበት” ብሎ የለመነ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ስለሚያሳፍር ነው? ታዲያ ያ የድሮ መካሪ፣ “ትንሽ አስቀርበት” ያለው፣ ለምን አላፈረም? በሚቀጥለው ዕጣ ቀን ከእናንተ መካከል አንዱ ይለምን፤ ምን እንዳሉት ይንገረን።