እንቅልፍ በወጣትነትና በሽምግልና

በአገራችን ማልዶ መነሣት እንደ ትጋት፤ አርፍዶ መነሣት ደግሞ እንደ ስንፍና ይቈጠራል። በዚህ በአርብ ገበያም ሽማግሌዎቻችን ገና ሳይነጋ ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገሠግሡ ብዙዎቻችን ወጣቶች ጋቢ ተከናንበን እንገኛለን። ስለዚህም «የዛሬ ልጅ እንቅልፋም ነው» እንባላለን። ወቀሳው እውነት ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከጠባይ ይልቅ የተፈጥሮ ነው።

በሰውነታችን ውስጥ የቀንና የሌሊትን መፈራረቅ የሚከተል ሰዓት አለ። የእንዲህ ያለውን ሰዓት አሠራር የመረመሩት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት፤ ጄፍሪ ሆል፤ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ሰዓት በጕርምስና ጊዜ ይዘገያል፤ ብዙ ወጣት ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፤ ጠዋትም መነሣት ይከብደዋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ሰዓቱ ይቀድማል፤ ሽማግሌ በጊዜ ይተኛል፤ በጊዜም ይነቃል። ከዚህም በላይ ጥልቁ እንቅልፍ እየቀነሰ ስለሚሄድ በጥቂት ኮሽታ ይባንናል።

ይሁን እንጂ «ሽማግሌ እንቅልፍ አያስፈልገውም» ማለት ስሕተት ነው። ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፤ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ይገባዋል ይላሉ። ስለዚህ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድርን አያት «እርጅና ነው» ብሎ ከመተው ሕመም ወይም ሐሳብ ይዞት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ስል ለወጣቱ ጥብቅና መቆሜ ብቻ አይደለም። ስልክ ሲነካካ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሽ ተማሪ በተፈጥሮ ሊያመካኝ አይችልም፤ የስልኩ ብርሃን ያንኑ የዘገየ ሰዓት ጨምሮ ያዘገየዋልና። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን በሙሉ የሚያጠናም ራሱን ይጐዳል፤ የተማርነው ነገር በአእምሯችን የሚጸናው ስንተኛ ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የእኅቶቻችን ነገር ነው። ብዙዎቹ የቤቱን ሥራ ጨርሰው ከሁሉ በኋላ ይተኛሉ፤ ጠዋትም ውሃ ለመቅዳት ከሁሉ በፊት ይነሣሉ። ከዚያ በክፍል ውስጥ ቢያንጐላጁ ሰነፎች ይባላሉ። ይህ ፍርድ ነውን?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን በራሳችሁ እንቅልፍ አትለኩት። ወንድሞቼም ስልካችንን በጊዜ እናስቀምጥ፤ ጠዋትም ጀሪካኑን ከእኅቶቻችን ትከሻ እንቀበል። ሥራው ለሁለት ከተከፈለ ሁላችንም የድርሻችንን እንተኛለን።