ያለ መሪ በተራራ መንገድ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለእግረኛ ሁሉ የሚጠቅም ምክር ነው። ለተራራ እግረኛ ግን ከምክር ዐልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናወሳው ያሰብነው፥ ሰዎች ልብሳቸውንና ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፥ መሪ ሳይቀጥሩ፥ ከአንዱ የተራራ ማረፊያ ቤት ወደ ሌላው እየተሻገሩ ብዙ ቀን ስለሚያደርጉት የእግር ጉዞ ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ከትምህርት ቤትና ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ለእንዲህ ያለው ጉዞ ሲነሡ፥ ወላጆች «ያለ መሪ? ያውም በበረዶ ተራራ?» ብለው ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ነገሩን ሳያውቁ መከልከልም፥ ሳያውቁ መፍቀድም፥ ሁለቱም ጉድለት አለባቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ጉዞው ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የሞን ብላንን ተራራ የሚዞረውን መንገድ እንውሰድ። ሞን ብላን በፈረንሳይና በኢጣልያ ወሰን ላይ የቆመ፥ ከፍታው ከ4,800 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው፤ ጫፉን የሸፈነው በረዶ በወፈረና በሳሳ ቁጥር ልኩም ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ዴ ሶሲዩር እ.ኤ.አ. በ1760 ዓ.ም. ወደ ጫፉ የሚያደርሰውን መንገድ ላገኘ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በ1767 ዓ.ም. ደግሞ እርሱ ራሱ ተራራውን በዙሪያው ዞረው። ጫፉ የተረገጠው ግን ሽልማቱ ከተነገረ ከ26 ዓመት በኋላ በ1786 ዓ.ም. ሲሆን፥ የወጡትም ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪኤል ፓካርና የሻሞኒ ሸለቆው ሰው ዣክ ባልማ ናቸው። ሶሲዩርም በሚከተለው ዓመት ወጣ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተራራውን መውጣትና ተራራውን መዞር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። ወደ ጫፉ የሚወጣ ሰው ገመድ፥ የበረዶ መቆፈሪያና የሠለጠነ መሪ ያስፈልጉታል። በዙሪያው የሚጓዝ ግን በተለመደው ወራትና በተለመደው መንገድ እስከ ሄደ ድረስ የበረዶ ግግር ሳይረግጥ ጉዞውን ይፈጽማል። ብዙ ወላጆች የሚፈሩት የመጀመሪያውን ነው፤ ልጆቻቸው የሚሄዱት ወደ ሁለተኛው ነው። ቢሆንም ሁለተኛውም የራሱ አደጋ አለው።

የዙሪያው መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ፈረንሳይን፥ ኢጣልያንና ስዊስን ያካልላል። ብዙዎች በሻሞኒ አጠገብ ካለችው ሌ ዙሽ ተነሥተው ተራራውን ወደ ቀኛቸው ሳይሆን ወደ ግራቸው እያደረጉ ይዞራሉ፤ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አንድ ቀንም ይፈጅባቸዋል። ከፈረንሳይ ወደ ኢጣልያ በ2,516 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በኮል ዴ ላ ሴኝ፥ ከኢጣልያ ወደ ስዊስ በ2,537 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በግራን ኮል ፌሬ ይሻገራሉ። ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 10,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከባሕር ወለል ተነሥቶ የራስ ደጀንን ጫፍ ሁለት ጊዜ ከመውጣት የሚበልጥ ነው። ወራቱ በእኛ ክረምት በእነርሱ በጋ የሆነው ጊዜ፥ ይኸውም ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ነው። በወራቱ መግቢያ ግን ከፍ ባሉት መተላለፊያዎች ላይ ያልቀለጠ በረዶ ሊቈይ ስለሚችል፥ ልምድ የሌለው ሰው ጥቂት ሳምንት ቢታገሥ ይሻለዋል።

ማረፊያ ቤቶቹን በሚመለከት፥ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንግዳ ደራሽ፥ ውሃ ፈሳሽ» በሚባልበት አገር፥ መሽቶበት በደጅ የቆመን መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ብሎ ማሳደር የቈየ ልማድ ነው። በአልፕስም ተራራዎች እንዲሁ፥ ከዚህ ዙሪያ ብዙም በማይርቀው በታላቁ የቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ በ2,469 ሜትር ከፍታ ላይ፥ በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መንገደኛን የሚቀበል የመነኰሳት ቤት ተሠርቷል፤ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። የዛሬዎቹ የተራራ ማረፊያ ቤቶች በክፍያ የሚያሳድሩ ቢሆኑም፥ ቁም ነገሩ ያው ነው፤ ራትና ቁርስ፥ ብዙ ሰው በአንድነት የሚተኛበት ክፍልና ብርድ ልብስ ይገኝባቸዋል። ድንኳን፥ ምንጣፍና ድስት መሸከም የማያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

እንግዳም ወግ አለው። ጫማውን በመግቢያው አውልቆ በተዘጋጀው ነጠላ ጫማ ይገባል፤ ለመኝታ የሚሆን ቀጭን የአንሶላ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ራት ለሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚቀርብ ዘግይቶ መድረስ አስተናጋጆችን ያስቸግራል። መብራት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ውሃውንና እሳቱን መቈጠብ፥ ቈሻሻውን መልሶ ወደ ሸለቆ ይዞ መውረድም ግዴታው ነው፤ ወደዚያ ከፍታ አንድ ከረጢት ዱቄት እንኳ የሚደርሰው በብዙ ድካም ነውና። አልጋውን አስቀድሞ ማስያዝ ያሻል፤ መምጣት ያልቻለ እንደ ሆነ ደግሞ ስልክ ደውሎ ማስታወቅ አለበት። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚጠበቅ እንግዳ ሳይመጣ ሲቀር የቤቱ ጠባቂ አደጋ ደርሶበት እንደ ሆነ መጠራጠሩ ስለማይቀር ነው።

እዚህ ላይ «ያለ መሪ» የሚለው ቃል በትክክል ሊተረጐም ይገባዋል። የሚቀረው የተቀጠረው ሰው እንጂ ምሪቱ አይደለም። በፈረንሳይ መንገዱ በነጭና በቀይ መስመር፥ በስዊስ የተራራው ጐዳና በነጭ ቀይ ነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። በስዊስ ነጭ ሰማያዊ ነጭ የተቀባ ምልክት ያየ ሰው ግን፥ መንገዱ ልምድና መሣሪያ ለሚጠይቅ አስቸጋሪ ጐዳና መሆኑን ዐውቆ ይመለስ። ማታ ማታ ደግሞ የማረፊያ ቤቱን ጠባቂ ስለ ነገው አየርና ስለ መንገዱ ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እርሱ ትናንት ማን በየት እንደ መጣ፥ የትኛው ጅረት እንደ ሞላ ያውቃል። ስምንና የሚቀጥለውን ማደሪያ በቤቱ መዝገብ መጻፍም አይዘንጋ። ሰው ቢጠፋ ፈላጊዎች በመጀመሪያ የሚገልጡት ያን መዝገብ ነው።

ቀኑን ለመለካት የሚረዳ አንድ ቀላል ስሌት አለ። በሜዳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፥ በዳገት በሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ፥ በቁልቁለት በሰዓት 500 ሜትር ወደ ታች ተብሎ ይቈጠራል። የርቀቱ ሰዓትና የከፍታው ሰዓት ለየብቻ ከተሰላ በኋላ፥ በሚበልጠው ላይ የሚያንሰው ተከፍሎ ግማሹ ይደመርበታል። ለምሳሌ መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር፥ ዳገቱ 900 ሜትር ቢሆን፥ ርቀቱ ሦስት ሰዓት፥ ዳገቱም ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ጉዞው አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ዕረፍቱና ምሳው በዚህ አይቈጠሩም። ከባድ ሸክም ያለው ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ሰዓት ይጨምርበት። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በጧት ሮጦ በቀትር የደከመ እግረኛ ቀስ ብሎ ከጀመረው ኋላ ይደርሳል።

በደጋ ላደገ ኢትዮጵያዊ በተለይ ልናሳስበው የምንወደው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ፥ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፥ «2,500 ሜትር ምን አለው?» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ከፍታው በእርግጥ እምብዛም አያስፈራም። ነገር ግን አልፕስ ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ ስለሚገኝ፥ በእኛ ዘንድ እህል በሚዘራበት ከፍታ በእነርሱ ዘንድ በሐምሌ በረዶ ሊወርድ ይችላል። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ሸለቆው 20 ዲግሪ ሲሆን፥ ከሸለቆው 1,500 ሜትር ከፍ ያለው መተላለፊያ ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ነፋስና የረጠበ ልብስ ሲጨመርበት ሰውነት ይደነዝዛል፤ ልቡናም ይዘገያል።

የበጋው ነጐድጓድ ደግሞ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፥ ማልዶ ተነሥቶ ከፍተኛውን ስፍራ ከቀትር በፊት ማለፍ የተራራ ሰዎች ሁሉ ልማድ ነው። መብረቁ በታየና ድምፁ በተሰማ መካከል ያለው ጊዜ ይቈጠር፤ ሦስቱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቍጥሩ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ ከጫፍና ከተጋለጠ ስፍራ ፈጥኖ መውረድ ያሻል። ለብቻው የቆመ ዛፍም መጠለያ አይደለም።

አደጋ ቢደርስ በሦስቱም አገሮች 112 ብሎ መደወል ይቻላል። ስልኩ ካልሠራ በፉጨት ወይም በባትሪ መብራት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ምልክት መስጠት፥ አንድ ደቂቃ ዐርፎ እንደ ገና መድገም ነው። በደቂቃ ሦስት ምልክት ከተመለሰ ጥሪው ተሰምቷል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ግን የጉዞውን መጨረሻ የሚወስነው ሌላ ነው። መሪ ያለው ጭፍራ በጨነቀ ጊዜ መሪው «እንመለስ» ይላል፤ ሌሎቹም ይታዘዛሉ። መሪ በሌለበት ይህን ቃል ማን ይናገር? ወጣቶች በጓደኞቻቸው ፊት የደከሙ መስለው እንዳይታዩ ሲሉ፥ ባልም በሚስቱ ሚስትም በባሏ ፊት እንዳያፍሩ ሲሉ፥ ሁሉም በልባቸው መመለስን እየፈለጉ አንዳቸውም ሳይናገሩ ወደ ጉም ይገባሉ። እኛ እንደሚመስለን ያለ መሪ ጉዞ ዋነኛው አደጋ ገደሉ ሳይሆን ይህ ዝምታ ነው። መድኀኒቱም ከመነሣት በፊት መስማማት ነው። አንደኛ፥ እርምጃው በደካማው እግር ልክ ይሁን፤ እርሱም ከኋላ አይቅር። ሁለተኛ፥ እስከዚህ ሰዓት እዚህ ስፍራ ካልደረስን እንመለሳለን የሚል ውሳኔ በጧት፥ አእምሮ ሳይደክም ይወሰን። ሦስተኛ፥ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ «እንመለስ» ቢል ቃሉ በቂ ይሁን፤ በኋላም አይወቀስበት። ተራራው ለሚቀጥለው ዓመትም በስፍራው ይገኛል።

ጓዙን በሚመለከት ባጭሩ፥ ሸክሙ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። አስቀድሞ ሳምንታት የተለማመዱት ጫማ፥ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፥ የሱፍ ሹራብ፥ ቆብና ጓንት፥ ካርታ፥ የእጅ ባትሪ፥ ፉጨት፥ ለተላጠ እግር የሚሆን ፋሻና ጥሬ ገንዘብ፥ ይኸውም ዩሮና የስዊስ ፍራንክ፥ ይበቃሉ። አዲስ ጫማ በጉዞው ዋዜማ ገዝቶ መነሣት ግን በገዛ እጅ ቍስልን መሸመት ነው።

ሆኖም በሁሉም ተራራ ያለ መሪ መሄድ አይፈቀድም። በታንዛንያ ኪሊማንጃሮ በማራንጉ መንገድ የሚወጣ ሰው እንዲሁ ከማንዳራ ወደ ሆሮምቦ፥ ከሆሮምቦ ወደ ኪቦ ማረፊያ ቤቶች እያደረ ይጓዛል፤ ነገር ግን የፓርኩ ሕግ መሪ እንዲኖረው ያስገድደዋል። ጫፉ 5,895 ሜትር ስለ ሆነና የአየሩ መሳሳት ብርቱውን ወጣት እንኳ ሊገድል ስለሚችል፥ ሕጉ ተገቢ ነው። በስሜን ተራራዎችም ጐብኚ የሚጓዘው ከፓርኩ ጥበቃ ጋር ነው። የቦታውን ሕግ ማክበር የጉዞው መጀመሪያ ነው።

እንግዲህ ልጃቸው ፈቃድ የጠየቃቸው ወላጆች ከመቈጣት ይልቅ ቢጠይቁ ይበጃል። ዛሬ ማታ የት ታድራላችሁ? አልጋው ተይዟል? ካርታ ማንበብ የሚችለው ማን ነው? አየሩ ቢከፋ በየት ትወርዳላችሁ? «እንመለስ» የሚለውስ ማን ነው? ልጁ ለእነዚህ ሁሉ ሳያመነታ ከመለሰ መርቆ መስደድ ይገባል። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን፥ ጓደኞቹን ሰብስቦ በአንድ ማዕድ ዙሪያ እስኪስማሙ ድረስ ጓዙን አያስር።