«ለምን አልተጠነቀቀም?»

በካፋ ቡና ሲለቀም ወይም ሻይ ሲቀጠፍ የቀን ሠራተኛ ወድቆ እጁ ቢሰበር፣ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ይኸው ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት መጠየቅ ያለበት አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ከገባ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ካሣ የለም። ታዲያ መመሪያውን ማን፣ መቼ ነገረው? (ለራሱ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚወድቀው ገበሬ አሠሪ ስለሌለው እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

«ውል የለኝማ» የሚሉም አሉ። በቃል የተቀጠረም እኮ ሠራተኛ ነው! አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መግለጫ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ያኔ ማስረጃው አብሮ የለቀመ ሰው ነው፤ ለቀማው ሲያልቅ ደግሞ ምስክሩም ወደ አገሩ ይገባል። የተጎዳ ዘመድ ያላችሁ፣ ቀኑንና አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ጻፉለት።