የታክሲው መስኮት ይከፈት
ጉንፋን የሚይዘን ነፋስ ስለመታን ሳይሆን ቫይረስ ስለተላለፈብን ነው፤ ከ200 በላይ ቫይረሶች ያመጡታል፣ ኢንፍሉዌንዛም የራሱ ቫይረሶች አሉት። በአዲስ አበባ ሚኒባሶች «ብርድ ይገባል» ተብሎ የሚዘጋው መስኮት የአንዱን የሚያስል ተሳፋሪ ትንፋሽ ለሁሉም ያዳርሳል። በክረምትም ቢሆን በጥቂቱ መከፈት አለበት፤ ብርዱን ጋቢ ይመክተዋል። ቫይረሱ በእጅም ይተላለፋል። ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ ነባር ልማድ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ጣት በውሃ ብቻ መለቅለቁ ነው። በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል ማሸት ግን ቫይረሱን ከእጅ ያስወግዳል። የታመመ ሰው በክርኑ ከልሎ ቢያስል፣ ከመሳሳም ይልቅ ራቅ ብሎ እጅ ቢነሳ ክብር እንጂ ቅያሜ አይገባውም። ዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለዝባል፤ አንቲባዮቲክ ግን ቫይረስን ስለማይገድል ለጉንፋን ተብሎ መወሰድ የለበትም።