የጮቄ ገደል ማሚቶ

ከምሥራቅ ጎጃሟ አምበር ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የጮቄ ተራራ ላይ ነው። እዚህ ራዳር ቢተከል የራዳሩም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ነው። ከአለቱ የሚመለሰው ገደል ማሚቶ ከፊቱ ካለው ዝናብ ማሚቶ 10,000 እጥፍ ቢበልጥ አይገርምም። ብዙ ሰው መፍትሔው ጉልበት ያለው ማሰራጫ ይመስለዋል። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ግን የዝናቡም የተራራውም ማሚቶ እኩል እጥፍ ስለሚሆን ጥምርታቸው ንቅንቅ አይልም። በደጋ አገር ራዳር የሚያየው በጉልበቱ ሳይሆን በስሌቱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ የቆመው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ ላይ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 5.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ራዳር በሰከንድ 1,000 ምት ይልካል እንበል። በሰከንድ 10 ሜትር ወደ ራዳሩ የሚመጣ ጠብታ በሁለት ምቶች መካከል የሚጠጋው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሞገዱ ደርሶ መልስ በ2 ሴንቲ ሜትር ስለሚያጥር ግን ፌዙ፣ ማለትም ማሚቶው በሞገዱ ዙር ውስጥ ያለበት ደረጃ፣ የአንድ ሙሉ ዙር 38 በመቶ ያህል ይሽከረከራል። ጮቄ አይንቀሳቀስም፤ ፌዙም ባለበት ይረጋል። ተከታታይ ምቶችን በፉሪየር ስሌት እንደየፍጥነታቸው ከፋፍሎ ዜሮ ፍጥነት ያለውን በፊልተር መቁረጥ ተራራውን ከማያው ላይ ያነሣዋል። ትርፉ በዚህ አያበቃም፦ የ64 ምቶች ማሚቶ ፌዙ ተገጣጥሞ ሲደመር ኢላማው ከጫጫታው አንጻር 64 እጥፍ ይጎላል። የማሰራጫውን ጉልበት እጥፍ ማድረግ ግን አውሮፕላን የሚታይበትን ርቀት 19 በመቶ ብቻ ይጨምራል። እርግጥ 64 እጥፉ ለአውሮፕላን እንጂ ለዝናብ አይሠራም፤ ጠብታዎች እርስ በርስ ስለሚተራመሱ ፌዛቸው በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ይበታተናል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ፊልተሩ ተራራውን ሲቆርጥ ዝናብም ይቆርጣል። በራዳሩ ፊት አግድም የሚያልፍ ዝናብ ወደ ራዳሩ አይጠጋም፣ አይርቅምም፤ ስለዚህ ለስሌቱ እንደ አለት የቆመ ነው። ትችቱ ጭፍን ፊልተርን ይገድላል፤ የተሻሉት ግን ከዜሮው ግራና ቀኝ የቀረውን የዝናብ ስርጭት አይተው የተቆረጠውን መሐል መልሰው ይሞላሉ። ሁለተኛው ችግር ከሒሳቡ ራሱ የሚመጣ ነው። በሰከንድ 1,000 ምት የሚልክ ራዳር ሳያምታታ የሚለየው ርቀት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ እስከ 13 ሜትር ገደማ። አንዱን ቢያስፋፉት ሌላው ይጠብባል። በረዶ የተሸከመ ማዕበል ይህን ፍጥነት ሲያልፍ የሚመጣው የሚሄድ ይመስላል። 1,000 እና 750 ምት እያፈራረቁ መላክ የፍጥነቱን ወሰን ወደ 40 ሜትር ያደርሰዋል፤ ይህም ተጨማሪ ሃርድዌር ሳይሆን ስሌት ነው።

ስሌት የማይሻገረው ነገርም አለ፤ እሱም የምድር ክብነት ነው። ከጣና በስተ ምዕራብ ሻውራ ላይ የአየር ጠባይ ራዳር አለ። በአግድም የተላከ ጨረር 200 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ግን ከተነሣበት ከፍታ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚወጣ ከሥሩ ያለው ዝናብ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከሻውራ የራቀው ምሥራቅ ጎጃም ቅርብ ራዳር ያስፈልገዋል፤ ቅርብ ሲሆን ደግሞ ጮቄ ፊቱ ይደቀናል። የራዳር ጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከማሰራጫው ኪሎ ዋት በፊት ፊልተሩ የተራራ ማሚቶን ስንት ዲሲቤል እንደሚያወርድ ጠይቁ።